አፈሩን ሳናራግፍ አንመዝን

በነቀምቴ ገበያ አንጮቴ የምትገዛ ልምድ ያላት የቤት እመቤት ቸኩላ ዋጋ አትጠይቅም። በመጀመሪያ ከተከመረው አንዱን ታነሣለች፤ በአውራ ጣቷ ትፍቀዋለች፤ የያዘውን አፈር ታራግፋለች፤ ከዚያም በመዳፏ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጋ ትመዝነዋለች። አንጮቴ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥራ ሥር ነውና በተለይ ዝናብ በጣለ ማግሥት የመጣ እንደሆነ ጭቃው ከፍሬው ሊበልጥ ይችላል። ሻጯ ብትቆጣም ገዢዋ ግድ የላትም። አፈር ልትገዛ አልመጣችምና።

ይህን ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ያደረግነው ስለ ምግብ አሠራር ለመጻፍ አስበን አይደለም። የአንጮቴን አቀቃቀል የወለጋ እናቶች ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። ለማንሣት የፈለግነው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የመረጥነውን የሕዝብ እንደራሴ ሥራ፣ ዳግመኛ ድምፃችንን ከመስጠታችን በፊት፣ እንዴት አድርገን እንመዝነዋለን የሚለው ነው።

የቡናው ላይ ክርክር

ለሥራ ወደ ወለጋ በሄድኩበት ወቅት ከነቀምቴ ራቅ ብላ በምትገኝ አንዲት ከተማ ጎረቤታሞች ቡና ጠርተውኝ ነበር። ጨዋታው በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ መልሼ አቀርበዋለሁ። ከረከቦቱ ዙሪያ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል፦ ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» እያለ የሚጠራቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት፣ በገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጠች አምስት ልጆች የምታሳድግ ነጋዴ፣ እንዲሁም የመጀመሪያ ልጇን የታቀፈች ወጣት መምህርት። ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ ወደ ምርጫ ዞረ።

«ያ የመረጥነው ሰው ውኃ አመጣላችኋለሁ ብሎን ነበር» አለች ነጋዴዋ። «ይኸው እኔ ዛሬም ጄሪካን ተሸክሜ ምንጭ እወርዳለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ሁለተኛ ድምፄን አያገኝም!»

መምህርቷ አልተስማማችም። «ኧረ አዴ፣ ከትምህርት ቤታችን በታች ያለው ኮብልስቶን የተነጠፈው በእርሱ ጊዜ አይደለም እንዴ? ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ውስጥ ስንሰምጥ አልነበረም? እኔስ እመርጠዋለሁ።»

አዮ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። በኋላም ጀበናውን አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ውኃውን የከለከላችሁ እርሱ ነው? ድንጋዩንስ ያስነጠፈው እርሱ ነው?»

ሁለቱም መልስ አልነበራቸውም። አዮ ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ ይህ ሥራሽ አይደለም? እስኪ ንገሪን» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያች ሰዓት የተሟላ መልስ አልሰጠኋቸውም። «የእርሱም፣ የከተማውም፣ የክልሉም ጉዳይ ነው» ብዬ አድበስብሼ አለፍኩት። አዮ ግን አልተታለሉም፤ «የሁሉም ከሆነማ የማንም አይደለም» አሉ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ለእርሳቸው ሳልመልስ ያደረ ዕዳዬ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ነጋዴዋ ተሳስታ ከሆነ የሚተጋ ሰው ባልሠራው ጥፋት ይቀጣል። መምህርቷ ተሳስታ ከሆነ ደግሞ ወንበር ከማሞቅ በቀር ምንም ያልሠራ ሰው በሌላው ላብ ይመሰገናል። ከሁሉ የከፋው ግን በሁለቱ ክርክር መካከል የውኃው ጉዳይ በእርግጥ የሚመለከተው ኃላፊ ማንም ሳይጠይቀው መቅረቱ ነው። ጄሪካኑም ከነጋዴዋ ጀርባ አይወርድም።

የማን ሥራ ነው?

እንግዲህ አፈሩን ማራገፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መራጭ ለአንድ ወንበር ብቻ አይመርጥም። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ወይም ሻምቡ የምትኖር እናት በጠቅላላ ምርጫ ጊዜ ለሁለት ልዩ ልዩ ምክር ቤቶች ድምፅ ትሰጣለች። አንደኛው አዲስ አበባ የሚሰበሰበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሁለተኛው የክልሉ ምክር ቤት ማለትም ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ከነዚህ ሌላ የአካባቢ ምክር ቤቶች አሉ። የአካባቢ ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ተካሂዶ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል ተብሎ ይጠበቅ የነበረው ግን ተላልፏል። ስለዚህ ብዙ እናቶች የቅርቡን ጉዳይ ለመጠየቅ የሚያውቁት ሰው ያ በጠቅላላ ምርጫ ፎቶግራፉን ያዩት ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ።

የሁሉም ሥራ ግን የተለያየ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ለአገር አቀፍ ሕግ እጁን ያወጣል ወይም ይቃወማል፤ ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረውን የፌዴራል መንግሥት የዓመት በጀት ከሌሎች ጋር ሆኖ ያጸድቃል፤ ሚኒስትሮችን ጠርቶ ይጠይቃል። የጨፌው አባል የክልሉን ሕግና የክልሉን በጀት ይመለከታል። የቧንቧ ውኃ፣ የገበያ ቦታ፣ የሰፈር ውስጥ መንገድ ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ የከተማው አስተዳደርና ከበላዩ ያሉት የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው።

ይህ ልዩነት የወረቀት ላይ ልዩነት ብቻ እንዳይመስለን በቀጥታ ቤታችንን ከሚነካ ጉዳይ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባ ወጥቶ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት የነበረውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ዓመት ከፍ ማድረጉን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ይሁን እንጂ ይህ የፌዴራል ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። ለነቀምቴዋ ሙሽራ፣ ለሜንዲዋ ሚስት፣ ንብረት ክፍያ ለገጠማት የነጆ እናት የሚሠራላትን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው ጨፌ ኦሮሚያ ነው፤ ይህም የሆነው በ1995 ዓ.ም. ነበር። በአንጻሩ ደግሞ የወንጀል ሕግ የፌዴራሉ ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጃገረድ የጠለፈ ሰው ጠለፋውን በጋብቻ ካሰረው ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም በወንጀልነት ደንግጓል።

እንግዲህ ልጇ የተጠለፈችባት እናት ስለ ሕጉ የምትጠይቀው የፌዴራሉን እንደራሴ ነው። በፍቺ ጊዜ የጋራ ንብረት እንዴት እንደሚከፈል የምትጠይቀው የጨፌውን እንደራሴ ነው። ጄሪካን የተሸከመችው ነጋዴ ደግሞ ጥያቄዋ በመጀመሪያ የከተማው ነው፤ እንደራሴዋን የምትጠይቀው «ውኃ ለምን አላመጣህም?» ብላ ሳይሆን «ስለ ውኃችን ማንን ጠየቅህ? መቼ ጠየቅህ? ምን መለሱልህ?» ብላ ነው። ጥያቄው ሲስተካከል መልሱ ለማድበስበስ ያስቸግራል። «ውኃ ለምን አላመጣህም» የተባለ ሰው «በጀት የለም» ብሎ ያመልጣል። «መቼ ጠየቅህ» የተባለ ሰው ግን ቀን መጥራት አለበት።

እንደ ራሴ

«እንደራሴ» የሚለው የቆየ ቃላችን ራሱ ጥሩ መመዘኛ ነው። እንደ እኔ ሆኖ የሚቆምልኝ ማለት ነው። በአገራችን ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን የመረጠው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት ተከትሎ በ1949 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ተወዳዳሪውም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ስለነበራቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ በ1979 ዓ.ም. ሰኔ 7 ቀን 835 መቀመጫ ለነበረው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። አዮ ድምፅ መስጠት የጀመርኩት በሸንጎው ነው ይላሉ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ጠቅላላ ምርጫ እንዲደረግ በሕገ መንግሥት ተደንግጓል፤ ስድስተኛው በ2013 ዓ.ም. ተካሂዷል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ዘመን የወለጋ ሰው አንድን እንደራሴ በትክክል ለመመዘን የሚያስቸግር ፈተና ቀርቦለት ያውቃል? አዎን፣ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። የደምቢ ዶሎው ተወላጅ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው።

ዶክተር ነጋሶ የታሪክ ምሁር ሲሆኑ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በጀርመን አገር ያቀረቡት በዚያው በተወለዱበት አካባቢ በሚኖረው በሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ላይ ነበር። ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆነውም እስከ 2002 ዓ.ም. ቆዩ። ያረፉት በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው።

እስኪ እኒህን ሰው ደምቢ ዶሎ እንደምትኖር አንዲት እናት ሆነን እንመዝናቸው። «የአገር ፕሬዚዳንት የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ጥሩ እንደራሴ ናቸው» ብንል ይህ አፈር ነው፤ የቀድሞ ማዕረግ የኋላን ሥራ አይተካም። «አምስት ዓመት ፓርላማ ተቀምጠው አንድ ድልድይ እንኳ አላሠሩልንም» ብንልም ያው አፈር ነው፤ ከ547 ወንበሮች መካከል በአንዱ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ፣ የፓርቲ ድጋፍ የሌላቸው የግል ተመራጭ ድልድይ የሚያሠሩበት ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም። ሁለቱንም ስናራግፍ ምን ይቀራል? በ2001 ዓ.ም. ወደ መረጣቸው ሕዝብ ተመልሰው ሄደው፣ ስለ አካባቢው አስተዳደር አሠራርና ስለ ነዋሪው ሁኔታ ያዩትንና የሰሙትን በጽሑፍ አውጥተው ማሳወቃቸው ይቀራል። ይህ በእጃቸው የነበረ ሥራ ነው፤ ሊሠሩትም ላይሠሩትም ይችሉ ነበር፤ ሠሩት።

ይህ ብቻውን በቂ ነው ወይ? ያን መወሰን የደምቢ ዶሎ መራጭ ድርሻ እንጂ የእኛ አይደለም። መጻፍ ውኃ አይሆንም፤ ዳቦም አይሆንም። አንዷ እናት «ቢያንስ ሰማን፤ የሰማውንም አልደበቀም» ትል ይሆናል። ሌላዋ «መስማት ብቻ ምን ይረባኛል» ትል ይሆናል። ሁለቱም ግን የሚከራከሩት ሰውየው በእርግጥ በሠሩት ሥራ ላይ ነው። እኛ የምንለውም ይህንኑ ነው። በዚያው የ1997 ምርጫ ተመርጠው የገቡትን ሌላውን የወለጋ ሰው አቶ ቡልቻ ደመቅሳንም ብንወስድ መመዘኛው አንድ ነው፤ ባንክ በመመሥረት ያተረፉት ስም ለብቻው፣ በምክር ቤቱ ተነሥተው የተናገሩት ለብቻው፣ ከመራጩ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ለብቻው ይመዘናል።

የልጅ ደብተር አይጠፋም

«ይህን ሁሉ እኔ በምን አውቀዋለሁ? እኔ የጓዳ ሰው ነኝ» የምትል እኅት እንደማትጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን እቁብ የምትጥል ሴት ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳሳለፈ ከአሥር ወር በኋላ ሲጠይቋት ትናገራለች። የእድር ሒሳብ ሲጎድል በመጀመሪያ የምትነቃው እርሷ ናት። የአምስት ዓመት ቃል ግን በአእምሮ ብቻ አይያዝም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ አንድ የልጅ ደብተር ያስፈልጋል። ራሷ መጻፍ የማትችል ከሆነ ልጇ ይጻፍላት፤ ለልጁም ትምህርት ነው።

በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ ተወዳዳሪው ድምፅ ሲጠይቅ የገባው ቃል በራሱ አነጋገር ከነቀኑ ይጻፍ። በሁለተኛ ደረጃ ያ ቃል የየትኛው ምክር ቤት ሥራ እንደሆነ ይጻፍ፤ ለፌዴራል ወንበር የሚወዳደር ሰው የሰፈር ቧንቧ ቃል ከገባ ገና ከመነሻው ሥልጣኑን አያውቅም ወይም እያወቀ ይሸነግለናል ማለት ነው። በሦስተኛ ደረጃ ከተመረጠ በኋላ የመጣባቸው ቀኖች ይጻፉ። ምክር ቤቱ ሥራውን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን የሚሰበሰብ ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ክረምቱና ያ አንድ ወር ወደ መራጩ የሚመለስባቸው ጊዜያት ናቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ ይመጣል። መጥቶ ከማን ጋር እንደተገናኘም ይጻፍ፤ ከቢሮ ሰዎች ጋር በአዳራሽ ተሰብስቦ የተመለሰ ሰው ከገበያተኛዋ ጋር ተገናኘ አይባልም። በመጨረሻም የጠየቅነውና የመለሰው ጎን ለጎን ይጻፍ። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ፣ የጨፌው ሕጎች በመገለታ ኦሮሚያ ታትመው ስለሚወጡ፣ የምክር ቤቱም ውሎ በራዲዮና በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ፣ ማንበብ የሚችሉ ልጆቻችን የጎደለውን ይሞሉልናል።

በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም የምንማረው አለ። በሕንድ አገር እንደ እኛ ክልሎች ሁሉ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ምክር ቤት ያለው ሲሆን ምርጫውም በየአምስት ዓመቱ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2002 እና በ2003 በሰጣቸው ውሳኔዎች መራጭ ስለ ተወዳዳሪው የማወቅ መብት አለው በማለት፣ ማንኛውም ተወዳዳሪ የወንጀል ክስ ቢኖርበት፣ ያለውን ሀብትና ዕዳ እንዲሁም የትምህርቱን ደረጃ በመሐላ ቃል አረጋግጦ እንዲያቀርብ አድርጓል። ከዚያ በፊት በ1993 ደግሞ በመንደር ምክር ቤቶች ቢያንስ ከሦስት አንዱ መቀመጫ ለሴቶች እንዲሆን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተደንግጎ ነበር። የሕንድ መራጭ በዚህ ሁሉ አይታለልም ማለታችን አይደለም። ሆኖም በሕግ የሚገኝ መረጃና በእጅ የሚያዝ ደብተር ሲገናኙ ሚዛኑ ይቀናል።

ሴት ስለሆነች ብቻ አይደለም

በምክር ቤታችን የሴቶች ቁጥር እያደገ መጥቷል። ከ547 መቀመጫዎች ሴቶች የያዙት በ2002 ምርጫ 152፣ በ2007 ምርጫ ደግሞ 212 ነበር። ይህ የሚያስደስት ነው። ሆኖም ሴት እንደራሴም በዚያው ሚዛን ትመዘናለች። ቀሚስ ለብሳ መግባቷን ብቻ ቆጥረን የምንተዋት ከሆነ እርሷንም እንንቃታለን፤ እኛንም እንጎዳለን። ስለ እናቶች ጤና፣ ስለ ልጃገረዶች ትምህርት፣ ስለ ጠለፋ ወንጀል ምን እንደጠየቀች መጠየቅ አለባት። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚለው ምክር ለወንዱ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ከዚህ ጋር አንድ የቤት ውስጥ ጉዳይም ሳናነሣ አናልፍም። ከቡናው ላይ ነጋዴዋ «ለነገሩ ባለቤቴ ለመረጠው ነው የምሰጠው» ብላ ነበር። ባልና ሚስት መመካከራቸው መልካም ነው፤ እንዲያውም ደብተሩን አብረው ቢያነቡት ደስ ይለናል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ድምፅ አሰጣጡ በሚስጥር እንዲሆን የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመጋረጃው በስተጀርባ ስንገባ ባልም፣ አባትም፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርም አብሮ አይገባም። ጄሪካኑን የሚሸከመው የሴቲቱ ጀርባ ነው፤ ሚዛኑንም መያዝ ያለበት የእርሷ እጅ ነው። በምርጫ ሰሞን ካናቴራ፣ ስኳርና ዘይት ይዞ የሚመጣ ቢኖርም ያ ሁሉ በደብተሩ ላይ ከተጻፈው አንዱን መስመር እንኳ አይሰርዝም።

ደግሞም አምስት ዓመት መጠበቅ ግድ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል፤ ዝርዝሩም በሕግ ይወሰናል። አንቀጽ 54ም የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይናገራል። ሕዝብ የሚለው ቃል ያቺን ቅመም ሻጭም ይጨምራል።

ያልመዘኑትስ?

ስለ ወለጋ ስንጽፍ ዝም ልንለው የማንችለው ነገር አለ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ በሚገኙ አንዳንድ የምርጫ ክልሎች በጸጥታ ችግር ምክንያት ድምፅ አልተሰጠም። በነዚያ አካባቢዎች የምትኖር እናት የምትመዝነው ሰው አልነበራትም። ቤቷን ጥላ የተሰደደች፣ መንገድ ተዘግቶባት ምጥ የያዛት፣ ልጇ ከትምህርት ገበታ የራቀባት ሴት «እንደራሴዬ ምን ሠራ?» ብላ ለመጠየቅ እንኳ የሚጠየቅ ሰው አጣች። ስለዚህ ድምፅ ለመስጠት የቻልን ሁሉ የምንይዘው ደብተር ለራሳችን ብቻ አይደለም። የነቀምቴ እንደራሴ ሲጠየቅ «ስለ ራስህ ምርጫ ክልል ብቻ ሳይሆን ድምፅ ስላላገኙት ጎረቤቶቻችን ምን ተናገርክ?» መባል አለበት። የሕዝብ ተወካይ የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው የሚለውም ያው ሕገ መንግሥት ነው።

ከዚያች ከተማ የተነሣሁት በማግሥቱ ጠዋት ነበር። ልሰናበታቸው ወደ አዮ ቤት ጎራ ስል ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው በራፍ ላይ ተቀምጣ ደብተር በጉልበቷ ይዛለች። ቡናው ላይ ስለ እቁብ ደብተር የተጨዋወትነውን አዮ አልረሱትም ኖሯል። ልጅቷ ከላይ ቀኑን ጽፋ «ምን ልበል አዮ?» ብላ ትጠይቃለች።

«ውኃ ብለሽ ጻፊ» አሏት። ጥቂት አስበው «ከሥሩ ደግሞ፣ ማንን እንጠይቅ? በይ» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ቀና ብለው «አየሽ ልጄ፣ ያን ሰው ገና አልፈረድኩበትም፤ ገና እያራገፍኩት ነው» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ እናንተስ በየከተማችሁ የመረጣችሁትን ሰው አራግፋችሁ አይታችሁታል? ከአፈሩ በታች ፍሬ ካገኛችሁ አመስግኑት፤ ምስጋናም የሚተጋውን ያተጋል። ካላገኛችሁም በቁጣ ሳይሆን ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሂዱ። ነገር ግን በመጀመሪያ መመዝገባችሁን አትርሱ። ያልተመዘገበች ሴት ምንም ያህል ብትመዝን በምርጫው ዕለት ድምፅዋን የምታኖርበት ሳጥን የላትም።